ሲያትል የድሮዎቹን ቻይናዎች ማደሪያ አየሁ፤ ያያችሁ ካላችሁ እናውራ

ሰሎሜ ዘሲያትል፦

ሰላም ናችሁ ወይ ቤተሰብ። ሲያትል ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ወደ ሥራ የምሄደው በቻይናታውን በኩል ነው። ኪንግ ስትሪት ላይ ያለውን የዊንግ ሉክ ሙዚየም በር ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ አንድ ቀን ግን ገብቼ አላውቅም። ትናንት ታናሽ እህቴ ከዴንቨር መጥታ፣ ዝናቡም እንደምታውቁት ነው፣ «ቡና ጠጥተን ጠጥተን ልባችን ሊፈነዳ ነው፣ እዚህ እንግባ» ብላ ጎትታ አስገባችኝ።

እኔ የጠበቅኩት ድራጎን፣ ፋኖስ፣ የሐር ቀሚስ ምናምን ነው። አልነበረም አልልም፣ ግን ልቤን የወሰደው ሌላ ነው። ሕንጻው ራሱ ነው ሙዚየሙ። በ1910 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) 170 የሚሆኑ ቻይናውያን ስደተኞች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት ነው። ታች ሱቅ፣ ላይ ሆቴል። ሆቴል ስላችሁ ግን ነጭ አንሶላ የሚነጠፍበት እንዳይመስላችሁ። ዓሣ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ሰው ቤት ምግብ የሚያበስለው፣ የቀን ሥራ የሚሯሯጠው ወንደላጤ ሁሉ ተከራይቶ የሚያድርበት ነው። ቻይናው ብቻም አይደለም፣ ጃፓኑም ፊሊፒኖውም አድሮበታል። ፊሊፒኖዎቹ በሰመር አላስካ ሄደው ሳልሞን በቆርቆሮ ሲያሽጉ ይከርሙና ብርዱን እዚህ ያሳልፋሉ።

ፎቁን የምታዩት ከአስጎብኚ ጋር ነው። ደረጃው ረጅም ነው። ከላይ ጠባብ ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር፣ በር፣ በር። ወጥ ቤቱም መታጠቢያውም የጋራ። አንዱ ክፍል ገባሁ። አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ መስኮት፣ አለቀ። እጄን ወደ ሁለቱም ግድግዳ ዘረጋሁ፣ ልነካቸው ምንም አልቀረኝም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «የአጎታችን ክፍል!» አለች። እውነቷን ነው። አጎታችን መጀመሪያ ዲሲ ሲመጣ ምድር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለች ክፍል ነበረችው፣ ማብሰል ክልክል ስለነበረ በቡና ማፍያ ማሽን እንቁላል ይቀቅል ነበር። እኔና እሷ እዚያው ሳቅን፣ ከዚያ ደግሞ ዝም አልን።

ታች ደግሞ ዪክ ፉንግ የሚባል ሱቅ አለ፣ ዕቃው እንዳለ፣ መደርደሪያው እንዳለ። ጣሳ፣ የሻይ ሣጥን፣ ባለ ዶቃው ሒሳብ መሥሪያ። ሱቁ ሱቅ ብቻ አልነበረም። ክፍል በየጊዜው ለሚቀይር ሰው ደብዳቤ የሚመጣለት በሱቁ አድራሻ ነው። የመርከብ ቲኬትም ይቆረጣል። የት ሥራ እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ የሚሰማውም እዚያው ነው። በቃ የእኛ ሱቅ ማለት ነው፤ በርበሬ ልትገዛ ገብተህ ቤት ተከራይተህ ትወጣለህ።

ሌላ ቦታ እንዲህ ዓይነት ያየ አለ? የንጉሥ ዕቃ ሳይሆን የተራ ሰው ዕቃ ያለበት።

ዳኘው ከአዲስ፦

ሰሎሜ ጥሩ ጽፈሻል፣ ግን ዝም የሚያሰኘው ምኑ ነው? ቻይና እኮ እዚህ ቀለበት መንገዱን ሠርታ፣ የከተማ ባቡሩን ሠርታ፣ የጅቡቲውን ሐዲድ ዘርግታ አሁን እኛ ነን በቻይና ፎርማን ሥር የምንሠራው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ካምፓቸው ውስጥ ጎመን ይተክላሉ፣ ማታ ካርታ ይጫወታሉ፣ ከእኛ ጋር አንድ ቃል አይለዋወጡም። ሙዚየም ተሠራላቸው አልተሠራላቸው እኔ ምን አገባኝ።

ሰሎሜ ዘሲያትል፦

ዳኘው ማን አለቀሰ ደግሞ 😄 አንተ ያየኸው በኮንትራት፣ ኤምባሲ ከኋላው ቆሞለት የመጣ ነው። እነዚያኞቹ ሌላ ናቸው። አብዛኞቹ ከደቡብ ቻይና ናቸው፣ ከጓንግዶንግ፣ እዚያም ውስጥ ታይሻን ከምትባል አንዲት ወረዳና ከጎረቤቶቿ። መሬቱ አይበቃ፣ ጦርነቱ አይበርድ፣ ብዙው የመርከቡን ዋጋ ተበድሮ ነው የመጣው።

እኔ በእግሬ የምሄድበት ከተማ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። እሑድ የካቲት መጀመሪያ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1886፣ ሰዎች ተሰብስበው የቻይናዎቹን በር እያንኳኩ ዕቃችሁን ጠቅልሉ አሏቸው። 350 የሚሆኑትን በጋሪ ጭነው ወደብ አወረዷቸው። ከግማሽ በላዩ በመርከብ ተሸኘ። እዚህ ጎረቤት ታኮማ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1885፣ 200 ያህሉን በዝናብ እየነዱ ከከተማ አስወጥተው ሠፈራቸውን አቃጠሉት። የ1910ሩ ሕንጻ የተሠራው ይህ ከሆነ 24 ዓመት ቆይቶ ነው። እኔን የደነቀኝ እሱ ነው። ባባረራቸው ከተማ ውስጥ ገንዘብ አዋጥተው በጡብ ሠሩ።

ካምፕ ውስጥ ጎመን ይተክላሉ ያልከውን ግን ሳትሰለች ጻፈው። ከ100 ዓመት በኋላ ሙዚየም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

የመርካቶ ልጅ በፖርትላንድ፦

እኔ ያየሁት አለ! ኦሪገን ውስጥ፣ ጆን ዴይ የምትባል ትንሽ ከተማ። ከፖርትላንድ ወደ ምሥራቅ አምስት ሰዓት ገደማ ይነዳል፤ መንገዱ ምድረ በዳ ነው፣ ቤንዚን ሞልታችሁ ሂዱ። የጭነት መኪና እነዳ በነበረ ጊዜ ነው የገባሁት። ካም ዋ ቹንግ ይባላል። ከውጭ ስታዩት የእህል ጎተራ ነው የሚመስለው። ድንጋይ፣ መስኮቱ ጥቃቅን፣ በሩ በብረት የተለበጠ። በሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሰሎሜ አሁን ከጻፈችው ትገምታላችሁ።

ሁለት ሰዎች ናቸው በ1880ዎቹ መጨረሻ የያዙት። አንዱ ሉንግ ኦን፣ ነጋዴ፣ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ጨዋታ አዋቂ። ሌላው ኢንግ ሄይ፣ ባህል ሐኪም። የእጅ ትርታ ይዞ ነው በሽታውን የሚያውቀው። ዶክ ሄይ ይሉት ነበር። መጀመሪያ ቻይናውን ነበር የሚያክም፣ ኋላ ላይ የከብት አርቢው ፈረንጅ ሁሉ በፈረስ ይመጣ ጀመር። ያለ ፈቃድ ታክማለህ ተብሎ ተከሶም ነበር፣ ግን እዚያ አገር ማን ይፍረድበት፣ ያላዳነው ሰው የለማ።

ቤቱ ውስጥ ከ500 ዓይነት በላይ መድኃኒት አለ። ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ የእንስሳው አካል፣ በየጣሳውና በየሣጥኑ። በር ላይ ቆሜ የሸተተኝ ምን ይመስላችኋል? መርካቶ ቅመም ተራ። እምላችኋለሁ። ማድቤቱ ጭስ የጠጣ ነው፣ ግድግዳው ጥቁር። አልጋዎቹ ተደራራቢ ጣውላ። መጸለያውም እዚያው፣ ሱቁም እዚያው፣ ክሊኒኩም እዚያው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሉንግ ኦን በ1940 ሞተ። ሐኪሙ በ1948 ታሞ ወደ ፖርትላንድ ሄደ፣ እመለሳለሁ ብሎ በሩን ቆለፈ። አልተመለሰም፣ በ1952 አረፈ። ቤቱ እንደተቆለፈ ቀረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት ሁሉ ነገር ባለበት ነው። አልጋው ሥር ሣጥን አገኙ፣ ውስጡ ያልተመነዘረ ቼክ። ድምሩ 23,000 ዶላር! የታከሙ ሰዎች የከፈሉት ነው። ለምን እንዳልመነዘረው ሰው ሁሉ የየራሱን ይላል። ድሆች ስለሆኑ አዝኖላቸው ነው ይላሉ። እኔ እንጃ። እኔ ሐኪሙ ባንክ የሚያምን ሰው አይመስለኝም 😄

(አባቴም ነፍሱን ይማረውና በ80ዎቹ ሲያትል ነበር መጀመሪያ ያረፈው። ብሔራዊ ቴአትር የሚያህል ሆቴል ነበር የሚመስለኝ ሲያወራ። አሁን ሳስበው እንደ ሰሎሜዋ ክፍል ነው የሆነ።)

ትዕግሥት እናት፦

ልጆች ይዞ መግባት ይቻላል? 6 እና 9 ናቸው። ታናሹ የማይነካው ነገር የለም።

ሰሎሜ ዘሲያትል፦

ይቻላል እህቴ። ደረጃው ብቻ ብዙ ነው። ታናሹን እጁን ያዢ፣ ሱቁ ውስጥ ዓይኑ ይቅበዘበዛል።

የሐዲድ ሰው፦

ዳኘው ፎርማን ካነሳህ አይቀር እኔም በሙያዬ ልግባ፣ ሐዲድ ላይ ነው የምሠራው። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው ባቡር በ1869 ሲጠናቀቅ ከካሊፎርኒያ በኩል ያለውን፣ የሴራ ኔቫዳን ተራራ የሰነጠቀው በአብዛኛው ቻይናው ነው። ከ10,000 በላይ ሰው። በባሩድ፣ በመዶሻ፣ በበረዶ ውስጥ። ከአየርላንዱ ሠራተኛ ያነሰ ይከፈለዋል፣ የአየርላንዱ ምግብ ከኩባንያው ነው፣ ቻይናው ከራሱ ኪስ። በ1867 ሥራ አቁመው እኩል ክፈሉን አሉ፤ ኩባንያው ምግብ እንዳይደርሳቸው አደረገና በሳምንት ገደማ አለቀ።

እኔ ግን ሁሌ የሚገርመኝ ሻዩ ነው። ፈረንጆቹ ከወንዝና ከኩሬ ቀድተው ይጠጣሉ፣ ሆዳቸው ያስይዛቸዋል፣ ሥራ ይቀራሉ። ቻይናዎቹ ቀኑን ሙሉ ሻይ። ልጆች ትከሻቸው ላይ ዱላ አጋድመው በግራና በቀኝ የባሩድ በርሜል ያንጠለጥላሉ፤ ባዶውን በርሜል አጥበው ነው ሻይ የሚሞሉት። ውኃው ስለፈላ አይታመሙም። ጀርም የሚባለውን ነገር ገና ሰው በቅጡ ሳያውቀው ማለት ነው። ወጥ ሠሪያቸው የደረቀ ዓሣ፣ ሩዝ፣ አትክልት ያዘጋጅላቸዋል። ፈረንጁ ሥጋና ድንች ብቻ። ማን ጠንክሮ እንደሚሠራ ገምቱት።

ዳኘው ከአዲስ፦

እሺ ሻዩ ተመችቶኛል። የእኛዎቹም ፎርማኖች ብርጭቆ ውስጥ ቅጠሉ የሚንሳፈፍ ነገር ይዘው ነው ቀኑን ሙሉ የሚዞሩት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ እንኳ ትኩስ ነው የሚጠጡት። ስንስቅባቸው ነበር።

ሄለን አስተርጓሚዋ፦

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ፣ ይረዝምብኛል። እኔ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ሳን ፍራንሲስኮ ስሄድ በጀልባ ተሻግሬ ኤንጀል አይላንድን አይቻለሁ። ከ1910 እስከ 1940 ከእስያ የሚመጣውን ሰው ይዘው የሚመረምሩበት ደሴት ነው። የእንጨት ሕንጻ፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ በቢላ የተቀረጸ ግጥም። በቻይንኛ። ብዙ ጊዜ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ቀለሙ ሥር ግን አለ። በ1970 አንድ የፓርኩ ጠባቂ ነው አይቶ ይህ ነገር አይፍረስ ያለው።

ለምን እንደሚመረምሯቸው ልንገራችሁ። በ1882 የወጣው ሕግ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይገባ ከለከለ። ነጋዴ ይገባል፣ የአሜሪካ ዜጋ ልጅ ይገባል። (ሰሎሜ፣ 170 ሰው ሕንጻ ላይ ድርሻ መግዛቱ አንዱ ጥቅሙ ይህም ይመስለኛል፤ ባለሱቅ ነኝ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።) ከዚያ በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ሲወድም መዝገቡ ሁሉ ተቃጠለ። እዚህ ነው የተወለድኩት የሚል ሰው ማን ያስተባብለው? ዜጋ ሆነ። ዜጋ ከሆነ ደግሞ ቻይና ደርሶ ሲመለስ «ወንድ ልጅ ወልጃለሁ» ብሎ ያስመዘግባል። ያ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። ቦታው ይሸጣል። የወረቀት ልጅ ይሉታል። ሳቁ እንግዲህ፣ ዲቪ የደረሰው ሰው በአንድ ሌሊት ሚስት የሚያገኝበት አገር ልጆች ነን እኮ።

መርማሪዎቹም ያውቃሉ። ስለዚህ ጥያቄያቸው መከራ ነው። የቤታችሁ ደጃፍ ስንት ደረጃ አለው? የሩዝ ማስቀመጫው የት ጥግ ነው? ከእናንተ ሦስተኛው ቤት ማን ይኖራል? ከዚያ አባት ነኝ ያለውን ለብቻው ጠርተው ያንኑ ይጠይቁታል። አንድ ላይ ካልገጠመ ይመለሳል። መልሱ የተጻፈበት ደብተር በመርከብ ላይ ሲያጠኑ ከርመው ሳይደርሱ ባሕር ውስጥ ይጥሉታል። ሳምንት የቆየ አለ፣ ከዓመት በላይ የቆየም አለ። እና ምን መሰላችሁ፣ እውነተኛው ልጅም ይሳሳታል። የቤታችሁን ደረጃ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ወር ያስተረጎምኩላት ሴት «ከቤትሽ እስከ ቀበሌው ስንት ደቂቃ ነው?» ተብላ ተጠይቃ «እንደ ጭቃው ነው» አለች። ቃል በቃል ተረጎምኩት። ዳኛው ሳቀ፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

እና «ቻይናዎቹ ሚስት አልነበራቸውም፣ ባህላቸው ነው» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። በ1890 እዚህ አገር ለአንዲት ቻይናዊት 27 የሚሆኑ ወንዶች ነበሩ። ሕጉ ነው ያንን ያደረገው። ሚስት ነበረቻቸው፣ አገር ቤት። ገንዘብ ይልካሉ፣ ፎቶ ይላካል። ሕጉ የተነሳው በ1943 ነው፣ የተነሳውም ለስሙ ነው፣ በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር የሚፈቀደው።

አቤል ከሜልቦርን፦

አውስትራሊያም ያው ነው ወገን። እዚህ መሀል ከተማ ኮኸን ፕሌስ ላይ የቻይናዎች ሙዚየም አለ። ሰው ሁሉ ወርቅ ፍለጋ በሚጎርፍበት ዘመን፣ በ1855፣ የእኛዋ ግዛት ቪክቶሪያ ወደቧ ላይ ለሚወርድ ለእያንዳንዱ ቻይናዊ 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለች። መርከቦቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጎረቤት ግዛት ሄደው ሮብ የምትባል ትንሽ ወደብ ላይ አራገፏቸው። ከዚያ ወርቁ ወዳለበት በእግር። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በመስመር ተሰልፈው፣ ዕቃቸውን በትከሻ ዱላ ተሸክመው። ጥቂት ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ከ16,000 በላይ ነው በዚያ መንገድ የሄደው። ከሱዳን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን አየሁት፣ የእኔው አባት ነው። አንድ ቃል ሳይናገር ካርታው ፊት ቆየ። ከዚያ «ጫማቸው ምን ነበር?» አለ።

ሄለን አስተርጓሚዋ፦

አቤል፣ የአባትህ ጥያቄ ከእኔ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል።

ዮናታን፦

ሁሉን ነገር ከእኛ ጋር ማመሳሰሉ ግን አልበዛም? እኛን ማን በጋሪ ጭኖ ወደብ ወሰደን? እኛ የመጣነው ከ1965ቱ ሕግ በኋላ ነው፣ የዘር ኮታው ከተነሳ ወዲህ። በሩን ያስከፈቱት ሌሎች ናቸው። ካነሳን አይቀር አንድ ጉዳይ ልጨምር። በ1880 ሳን ፍራንሲስኮ በእንጨት ቤት ልብስ ማጠብ ያለ ልዩ ፈቃድ አይቻልም አለች። 200 የሚሆኑ ቻይናዎች ፈቃድ ጠየቁ፣ አንድም አልተሰጠውም። ቻይና ካልሆኑት 80 ገደማ ሰዎች ከአንድ በቀር ሁሉም አገኙ። አንዱ ቻይናዊ አልዘጋም ብሎ ታሰረ፣ ከሰሰ፣ በ1886 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። ሕጉ ላይ ያለው ቃል ለሁሉም እኩል ቢሆንም አፈጻጸሙ ካዳላ ያው አድልዎ ነው ተባለ። ዛሬ እኔና እናንተ በዚያ እንከራከራለን። ጉዳዩ ዪክ ዎ ይባላል። የሰውየው ስም ግን አይደለም፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ስም ነው! ስሙን በትክክል የጠየቀው እንኳ የለም።

ሰሎሜ ዘሲያትል፦

ዮናታን ልክ ነህ፣ አንድ አይደለንም። እኔም አንድ ነን ማለቴ አይደለም። ክፍሏ ናት ያስታወሰችኝ።

ጋሽ ዘለቀ፦

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ልጄ ናት ይህንን ያሳየችኝ፣ እኔ ስጽፍ ዘገምተኛ ነኝ። ሲያትል የገባሁት በ1984 ነው፣ ከካርቱም። አምስት ወንዶች በሁለት ክፍል ነበርን። አንድ ካፖርት ነበረን፣ ቃለ መጠይቅ ያለው ይለብሰዋል። ሩዝ የምንገዛው ከዚያው ቻይናታውን ነው፣ 25 ኪሎውን ጆንያ በትከሻ ተሸክመን ዳገቱን። ባለሱቁ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዝኛችን የሁላችንም ያው ነበር፤ በጣት ነው የምንነጋገረው። አንድ ቀን ብር ጎደለኝ፣ ደብተር አውጥተው በራሳቸው ፊደል ጻፉ። ዱቤ መሆኑን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገኝም።

ሰሎሜ ስለ ማኅበራቸው ክፍል አልጻፍሽም። እኔ አይቻለሁ። አንድ የዘር ስም ያላቸው የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነው፣ እዚያው ፎቅ ላይ። እድር ነው በአጭሩ። እቁብም አላቸው፣ ሕዊ ይሉታል፣ ሱቁም ምግብ ቤቱም የተከፈተው ባንክ ስላላበደራቸው በዚያ ነው። የሞተውን ደግሞ እዚህ ይቀብሩና ከዓመታት በኋላ አጽሙን አውጥተው፣ አጥበው፣ በሣጥን አገሩ ይልኩታል። ሆንግ ኮንግ ያለው ቱንግ ዋ ሆስፒታል ተቀብሎ ለቤተሰቡ ያደርስ ነበር። እኛም እኮ ስንት ሰው በአውሮፕላን ሸኝተናል። ገንዘብ ስንሰበስብ የቆምንበት አዳራሽ አሁን ጂም ሆኗል።

የእኛ የመጀመሪያው እቁብ ደብተር ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ጋራዥ ውስጥ ልፈልገው።

ሰሎሜ ዘሲያትል፦

ጋሼ! የማኅበሩን ክፍል ረስቼው ነው፣ እውነትዎን ነው። ደብተሩን ካገኙት እባክዎ ፎቶ ያንሱልን።

የመርካቶ ልጅ በፖርትላንድ፦

ጋሽ ዘለቀ ጤና ይስጥልኝ። አባቴም በ84 ወይም በ85 ነው ሲያትል የነበረው። ሆቴል ሆቴል የሚለው ነገር ነበረው። ምናልባት ያውቁት ይሆን? ስሙን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ።

ጋሽ ዘለቀ፦

አገኘሁት። ገና ጌጥ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል። 12 ሰው ነን፣ በሳምንት 25 ዶላር። በስክሪፕቶ የተጻፈ ነው፣ የእኔ ጽሕፈት አይደለም፣ ጸሐፊያችን ነፍሱን ይማረው ቆንጆ ጽሕፈት ነበረው። ዕጣ የወጣለት ሰው አጠገብ ምን እንደሚያደርግበት ተጽፏል። «ለእናቱ»። «ለታክሲ ፈቃድ»። «ለጥርስ»። አንዱ ጋ «አይነገርም» ይላል፤ ኋላ ሠርጉ ላይ ነው የገባን።

የፖርትላንዱ ልጄ፣ የአባትህ ስም አለ። ሰባተኛው ነው። ሆቴል የሚለው የእኛን ቤት ነው፣ በቀልድ እንደዚያ ነበር የሚጠራው። ፎቶውን ላክሁልህ። አንድ ነገር አለ ግን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንት አልከፈለም፣ ወደ ፖርትላንድ በሄደበት ጊዜ ነው። 50 ዶላር ይላል፣ በቀይ።

የመርካቶ ልጅ በፖርትላንድ፦

አይ አባዬ 😂😂 ጋሼ፣ ቅዳሜ ሲያትል እመጣለሁ። 50ውን ይዤ። ሰሎሜ አስጎብኚው ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?

ጋሽ ዘለቀ፦

ወለዱን ትተንልሃል። ቡናው ግን በአንተ ነው።